ትንፋሽ ያጠራት ሴይቼንቶ

በ1963 ዓ.ም. ኮልፌ ውስጥ ከነበሩት ጋራዦች ትንሿ የእኔ ነበረች። ጋራዥ ማለቱም ይከብዳል። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ መኪና ሥር የምገባበት አንድ ጉድጓድ፣ ዝናብ ሲመጣ የምጠለልበት ዳስ፣ በቃ። ቦታው ከጦር ኃይሎች ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሙያውን የተማርኩት መርካቶ አጠገብ ጋራዥ ከነበረው ጣሊያን ዘንድ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ከሆሳዕና ስመጣ አማርኛ በወጉ አልችልም ነበር፤ "እንደምን አደሩ" ማለትን ሳላውቅ ካንዴላና ካቻቪቴ ማለትን አወቅሁ። በኋላ የራሴን ግቢ ስከፍት የታክሲ ሾፌሮች፣ "ዱባለ ሞተር ሲያስነጥስ ይማርህ ይላል" እያሉ ያወሩልኝ ጀመር። ወሬውን ወደድኩት። ከሚገባው በላይ ወደድኩት።

ፀሐዬ ወደ እኔ የመጣው ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቁጡ ግን ቅን ሰው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ሴይቼንቶ የምትባል ትንሽ የጣሊያን ታክሲ አለችው። ጠዋት ጠዋት ራሱ ይነዳታል፣ ከምሳ በኋላ ጥሩነህ ለሚባል ሾፌር ያስረክባል። አራት ዓመት እንዲህ ተቀባብለው ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ ሲነታረኩ የሰማ የለም።

"ጋሼ ዱባለ፣ ይቺ መኪና ልታሳብደኝ ነው" አለኝ ገና ሳይወርድ።

"ምን ሆነች?"

"ጠዋት በመጀመሪያ ቁልፍ ትነሳለች። ግማሽ ሰዓት፣ አርባ ደቂቃ ሸጋ ሆና ትሄዳለች። ከዚያ ታስላለች፣ ታስላለች፣ ቀጥ! ተሳፋሪው እየረገመኝ ይወርዳል። ሲጋራ አጭሼ ስጨርስ ቁልፉን አዞራለሁ፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሳለች። ቆይታ ደግሞ ቀጥ።"

ሞተር በድንገት የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ሲያጣ ነው፤ ወይ እሳት ወይ ቤንዚን። ኋላዋ ያለውን ኮፈን ከፍቼ እሳቱን አየሁ። ካንዴላዎቹ ጠቁረው ነበር፤ በአዲስ ቀየርኳቸው። እሳቱን የሚቆርጥና የሚለቀውን ፑንቲናም በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ ልኩን አስተካከልኩ። መኪናዋ እንደ ንብ ጥዝዝ አለች። ፀሐዬም መርቆኝ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። እንግዲያው ቤንዚኑ ነው ብዬ ካርቡራቶሩን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ነፋሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። እስከ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ነድቻት ተመለስኩ፤ አንዲት ጊዜ እንኳ አላሳለችም። በማግስቱ ተሳፋሪዎቿ እየገፏት ግቢዬ በር ላይ አደረሷት። የቤንዚን ፓምፑን ቀየርኩ። አሁንም እስከ ቀራንዮ ነዳኋት፣ አሁንም ደህና ሆነች። ሁለት ቀን አልቆየችም፤ ተመለሰች።

ያን ቀን ግቢዬ ውስጥ ሌሎች ሾፌሮችም ነበሩ። አንዱ፣ "ዛሬስ ይማርሽ አላልካትም እንዴ?" አለና ተሳሳቁ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ካርቡራቶሩን ዳግመኛ ስከፍት ከሥሩ ጥቂት የአሸዋ ፍሬና ዝገት አገኘሁ። እንዲህ ያለ ነገር በማንኛውም አሮጌ መኪና ውስጥ ይገኛል፤ ያን ያህሉ ሞተር እንደማያቆም አውቃለሁ። ፀሐዬ ግን ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ አየው።

"ይሄ ምንድን ነው? አሸዋ?"

"አሸዋ ነው።"

"ሰው አስገብቶት ይሆን እንዴ?"

እዚህ ላይ ነው የሳትኩት። ማለት የነበረብኝ፣ "አይደለም፤ መኪናዋ ምን እንደሆነች ገና አላውቅም" ነበር። ሾፌሮቹ እያዩኝ ነበር፤ አራተኛ ጊዜዬ ነበር፤ አላውቅም ማለት ውርደት መሰለኝ። በእሱ ፈንታ ምን አልኩ?

"እንግዲህ አሸዋ በራሱ እግር አይገባም።"

ፀሐዬ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አየው። ፊቱ ተለወጠ። ቁልፉን ከርሱ ሌላ የሚይዘው ሰው አንድ ብቻ ነው።

ጥሩነህን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቁልፍ ሊረከብ ሲመጣ፣ መንገድ ላይ አሰናበተው። ምክንያቱን እንኳ በቅጡ አልነገረውም። "ልብህ ያውቀዋል" ብሎት ሄደ።

ይህን የሰማሁት ከራሱ ከጥሩነህ ነው። እኛ እሁድ እሁድ በአንድ ወንድም ቤት ተሰብስበን እንጸልይ ነበር። ያን ጊዜ ጴንጤ መባል ስድብ ነበርና መስኮት ዘግተን፣ ድምፃችንን ቀነስ አድርገን ነበር የምንዘምረው። ጥሩነህና ሚስቱ ጤናዬ ከመጀመሪያዎቹ ጀምሮ ከኛ ጋር ነበሩ፤ እሱ እኔ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ያን እሁድ የጸሎት ርዕስ ያለው ሰው ይናገር ሲባል ተነሣ።

"ሥራዬን አጥቻለሁ" አለ። "ፀሐዬ ምን እንዳስቀየምኩት አላውቅም። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንድ ነገር ሰምቶ ነው። ለኔም ለሱም ጸልዩልን።"

ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። እኔም ጨፈንኩ፤ አንዲት ቃል ግን ከአፌ አልወጣችም። ስንወጣ ጥሩነህ ጨበጠኝና፣ "ወንድም ዱባለ፣ አሞሃል እንዴ? ፊትህ ልክ አይደለም" አለኝ። ራስ ምታት ነው አልኩት።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ለጫልቱ ነገርኳት። ጫልቱ ነገር አታንዛዛም።

"ታዲያ ሄደህ ለፀሐዬ ንገረው" አለችኝ።

"መኪናዋ ትጠገንና እነግረዋለሁ።"

"መኪናዋና የጥሩነህ ነገር ምን አገናኛቸው?"

እውነቷን ነበር። ቢሆንም አልሄድኩም። በማግስቱም አልሄድኩም። ምን እንደሆነች ካገኘሁ በኋላ ብናገር የሚቀለኝ እየመሰለኝ ቀኑን ገፋሁት።

መኪናዋ ጥሩነህ ከተባረረ በኋላም መቆሟን አልተወችም። ረቡዕ ዕለት ፀሐዬ ሚስቱን ዘመነችን ሐኪም ቤት ሊያደርስ ሲሄድ ጦር ኃይሎች መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆመችበት። ዘመነች የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፤ ሐኪሙ በየሳምንቱ ልይሽ ብሏታል። ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ በእግሯ ሄደች። ፀሐዬ ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ ሲመጣ አልጮኸም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፋ።

"ጋሼ ዱባለ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሞታለች?"

"አላውቅም" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከኔ አፍ ሰምቶት አያውቅም።

"እንዳልሞተች እርግጠኛ ነኝ፤ ምን እንደሆነች ግን አላውቅም። እስካሁን ያየኋት ቆማ ወይም እስከ ቀራንዮ ነድቻት ነው። እሷ ደግሞ የምትታመመው ብዙ ስትሄድ ነው። እስክትቆም ድረስ አብሬህ ልቀመጥ።"

"የዘመነች ቀጠሮ ወደ ነገ ዞሯል። ይምጡ እንግዲያው፤ ቀደም ብለን እንውጣና ከተማውን እናዙራት።"

በማግስቱ ሐሙስ ነው። ፒንሳ፣ ካቻቪቴና አንድ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይዤ ከፀሐዬ ጎን ተቀመጥኩ። ዘመነች ከኋላ ነበረች፤ ለስላሳ፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ኮልፌን ለቀን፣ በመርካቶ ዞረን፣ ፒያሳ ደረስን፣ ቁልቁል ወርደን እንደገና ሽቅብ ስንወጣ ሰዓቴን አየሁ፤ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። ሴይቼንቶዋ አሳለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ቀጥ።

"ይኸው!" አለ ፀሐዬ መሪውን እየመታ።

"ቁልፉን አትንካ" ብዬ ዘልዬ ወረድኩ። ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን የቤንዚን ቱቦ ነቅዬ አፉን ቆርቆሮው ላይ አደረግኩና፣ "አሁን አዙር!" አልኩት። ሞተሩ ተሽከረከረ፤ ከቱቦው ጠብታ አልወጣም። ፓምፑን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አዲስ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ የቀረው ፓምፑ ጋ ሳይደርስ ነው ብዬ ወደ ፊት ሄድኩ። የሴይቼንቶ ሞተር ከኋላ፣ የቤንዚን ታንከሯ ከፊት ነው፤ ዕቃ ከሚቀመጥበት ጋር በአንድ ኮፈን ሥር። ከፍቼ የታንከሩን ክዳን ይዤ ጠመዘዝኩ። አልላቀቅ አለኝ። ሁለተኛ በጨርቅ ይዤ ስጠመዝዘው፣ ፍ-ሽ-ሽ-ሽ! አየር በጉልበት ወደ ውስጥ ገባ፤ ውኃ ውስጥ ጠልቆ የነበረ ሰው ብቅ ብሎ እንደሚተነፍሰው።

"አዙር!"

ቤንዚኑ ቆርቆሮዬ ውስጥ መፍሰስ ጀመረ።

ክዳኑን ገለበጥኩት። ከሥሩ ጥቁር ክብ ጎማ አለ፤ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ ከምንለው የተቆረጠ፣ ዙሪያው እንደ ሳንቲም የተስተካከለ። ፋብሪካ ያደረገው አይደለም። ጎማውን ላጥ ሳደርገው ክዳኑ ላይ ያለችው የመርፌ ቀዳዳ ታየችኝ።

ፀሐዬን ጠርቼ አሳየሁት። "የዘይት ቆርቆሮ ስትከፍት ስንት ቦታ ትበሳዋለህ?" አልኩት።

"ሁለት ቦታ።"

"ለምን?"

"አንድ ብቻ ከሆነ አይወርድልኝማ፤ አየር ይፈልጋል።"

"ይቺም እንደዚያው ነች። ቤንዚኑ እየቀነሰ ሲሄድ በምትኩ አየር የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ይህ ጎማ ቀዳዳዋን ደፍኗታል። ግማሽ ሰዓት ስትሄድ ፓምፑ ባዶውን እየሳበ ይቆያል፣ በመጨረሻ ያቅተዋል። አንተ ቆመህ ሲጋራ ስታጨስ አየር በትንሽ በትንሹ ሾልኮ ይገባና ትነሳለች።"

ፀሐዬ ጎማውን ከእጄ ነጠቀኝ። የአንገቱ ሥር ተገተረ።

"ያ ከሃዲ! አላልኩዎትም? ልቤ ያውቀው ነበር! በመቀስ ቆርጦ፣ አስተካክሎ! ዛሬ ቤቱ ሄጄ..."

"እኔ ነኝ።"

ሁለታችንም ዞርን። ዘመነች ከመኪናዋ ወርዳ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

"ምን አልሽ?" አለ ፀሐዬ።

"እኔ ነኝ ያደረግሁት። በልብስ ስፌት መቀሴ ከአሮጌው ከመነዳሪ ላይ ቆርጬ ነው።" በሩን ለቀቀችና ወደ ባሏ ቀረበች። "የቤንዚኑ ሽታ ሊገድለኝ ነበር፣ ፀሐዬ። ሐኪም ቤት በሄድን ቁጥር አስመልሼ ነው የምገባው። ያለፉትም ሁለቱ በዚህ ይሆናል እያልኩ... ነግሬሃለሁ እኮ። ሁለት ጊዜ ነግሬሃለሁ። የመኪና ጠረን ነው ትለምጂዋለሽ አልከኝ።"

ፀሐዬ በእጁ የያዘውን ጎማ ጎንበስ ብሎ አየው።

"ከክዳኑ ሥር ሲረጥብ አየሁ። ይህን ብወትፍበት ይቆማል ብዬ ነው። ቆመም፤ ሽታው ጠፋ። መኪናዋ መቆም ስትጀምር ከዚህ ይሆናል ብዬ እንዴት ላስብ? ጥሩነህን ያባረርከውም ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም።" ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

መንገደኛ ቆሞ ያየን ነበር። እኔ ወደ ታንከሩ አፍ ጎንበስ አልኩ። ከአፉ ዙሪያ ቤንዚን እየፈሰሰ የደረቀበት ቀለም ያስታውቃል፤ ክዳኑ ከአፉ ጋር የሚገናኝበት ማሸጊያ ተበልቶ አልቋል። ታንከሩ ሞልቶ አቀበት ሲወጣ ቤንዚኑ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሽታውም በቀጥታ ሰው ወደሚቀመጥበት ይገባል።

"ፀሐዬ" አልኩት፣ "ሚስትህ ትክክል ናት። ሽታው ራሱ በሽታ ነበር። የመጀመሪያውን ብልሽት ያገኘችው እሷ ናት፤ የሠራችውም ሥራ ደህና ነበር፣ የጎደለችው መሐሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት። እኔ አራት ጊዜ ፈትቼ ስገጥም እሷን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።"

ጎማውን ከእጁ ወስጄ መሐሉን በቢላ ክብ አድርጌ አወጣሁት፤ እንደ ቀለበት ሆነ። መልሼ ገጠምኩት። "ቤንዚን ይህን ጎማ ያሟሟዋል፤ ለዛሬ ይበቃናል። ነገ ከቡሽ እሠራልሃለሁ።"

አሁን የቀረው የኔ ድርሻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማቆየት አልቻልኩም።

"ሌላም አለ። አሸዋው ሰው ያስገባው አልነበረም። ያን ዕለትም አውቅ ነበር። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው እንደዚያ ያልኩህ።"

ፀሐዬ የፊቱን ኮፈን ዘጋው።

"እርስዎ ባይሉኝ አላባርረውም ነበር" አለ በቀስታ።

"አውቃለሁ።"

"አራት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው!"

"ተው አንተም" አለች ዘመነች ዓይኗን እየጠረገች። "እሳቸው አንድ ቃል ነው ያሉት። ያባረርከው አንተ ነህ።"

ከሐኪም ቤት መልስ ሦስታችንም ጥሩነህ ቤት ሄድን። ከገበያው ጀርባ፣ አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። ጥሩነህ አልነበረም። ጤናዬ ለገበያ የምታወጣውን ቆጮ በቅጠል ስትጠቀልል አገኘናት። ጅማ ለሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ እንደሄደ፣ እሑድ እንደሚመጣ ነገረችን። ፀሐዬ የመጣበትን ሊነግራት ጀምሮ ቃል አጠረው፤ ዘመነች ተቀብላ ነገረቻት። ጤናዬ እኔን አልተሳደበችም። "ባለፈው እሁድ ከአጠገቡ አልነበርክም?" ብቻ አለችኝ። አዎ አልኩ። ቆጮዋን መጠቅለሏን ቀጠለች።

እሑድ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። ጥሩነህ ደጁ ላይ ጫማውን እያጠበ ነበር። ሁሉን ነገርኩት፤ ሾፌሮቹ እንደሳቁብኝ ሳይቀር። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ጫማውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ።

"እኔ ለፀሐዬ ጸልዩለት ስል አንተ ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ራስ ምታት ነው አልከኝ።"

"አዎ።"

"ይቅር ብዬሃለሁ፤ እንድል ታዝዣለሁና እላለሁ" አለ። "ግን ወንድም ዱባለ፣ ልቤ ገና አፌ ያለው ቦታ አልደረሰም። ጊዜ ስጠኝ።"

ጊዜ ሰጠሁት። ፀሐዬም ሄዶ እግሩ ላይ ሊወድቅ ነበር አሉ፤ ጥሩነህ ይዞ አነሣው። ወደ ታክሲዋ ግን አልተመለሰም። "ልብህ ያውቀዋል ያልከኝ መንገድ ላይ ነው፣ ሰው እየሰማ" አለው። "ቂም አይደለም፣ ግን ያቺን መሪ ስይዝ ያ ይመጣብኛል።" ፀሐዬ ሌላ ሾፌር አልቀጠረም፤ ክረምቱን ሙሉ ጠዋትም ማታም ብቻውን ነዳ።

ዘመነች ነሐሴ ውስጥ በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት። ገንፎ ልታገነፋ ቀድማ የደረሰችው ጤናዬ ነበረች።

ጥሩነህ በእሁዱ ጸሎት ከኔ ጎን መቀመጡን ትቶ ነበር። ከበር አጠገብ ይቀመጣል፣ ሰላም ይለኛል፣ ይሄዳል። እኔም አላስቸገርኩትም። መስቀል ሲቃረብ አንድ ማክሰኞ ግን ያ የጭነት መኪና እንፋሎት እየተፋ ግቢዬ በር ላይ ቆመ። ጥሩነህ ወረደ።

"ውኃ ታፈላለች" አለኝ።

"አቀበት ላይ ነው ወይስ ሜዳም ላይ?"

"አቀበት ላይ ብቻ። ቁልቁለት ስትይዝ ትበርዳለች።"

"ውኃ ትጨምርባታለህ?"

"በየቀኑ፣ ግን ጥቂት ነው።"

ስለ መንገዱ፣ ስለ ጭነቱ፣ መቼ እንደጀመራት ጠየቅኩት፤ እሱም እየተቀመጠ፣ እየተነሣ መለሰልኝ። ከዚያ ማራገቢያውን የምታዞረውን ቺንጊያ ዳሰስኩ፤ ላልታለች። ራዲያተሩን ከፊት ስናየው ደግሞ ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለ ጭቃና የሣር ፍሬ ተጋግሮበታል። እሱ ውኃ በባልዲ እያቀበለኝ፣ እኔ በብሩሽ እየፈገፈግኩ ረፋዱ አለፈ። ጫልቱ ምሳ ይዛ መጣች፤ እጃችንን ታጥበን ከአንድ ሳህን በላን።  እንጀራው ሲጋመስ ጥሩነህ እንደ ድሮው ያጫውተኝ ጀመር፤ ስለ ጊቤ ቁልቁለት፣ ማልዶ ሲደርስ ወንዙ ላይ ጉም እንደሚተኛ፣ አንድ ቀን ደግሞ ድልድዩ ሥር ጉማሬ ከነግልገሏ አይቶ መኪናውን አቁሞ፣ ረዳቱ እየጎተጎተው፣ ግልገሏ ውኃው ውስጥ እስክትሰወር ድረስ ቆሞ እንዳያት።